ለአለቃ የሚሆን ወንበር

ሰኞ፣ 4

ጎረቤቴ ጉልበቷ ዛሬም አልተሻላትም። ጠዋት አጥሩን ተደግፋ ስትነግረኝ፣ መርፌ ወግተዋት ሁለት ቀን እንደ ልጃገረድ ስትሮጥ ሰነበተች፤ ከዚያ ደረጃ ላይ እንደገና ያዛት። ትልቁ ልጇ ቤት ሊቀይር ነው። ምራቷ ሥራ አግኝታለች። ትንሿ የልጅ ልጇ ደግሞ ከሕፃን ወንበሬ ወርጄ ከትልልቆቹ ጋር ካልበላሁ ብላ ቤቱን አተራምሳዋለች። ይኼ ሁሉ ወሬ የተነገረኝ ያጠብኩትን ልብስ አስጥቼ ሳልጨርስ ነው። ሰፈሩ "ሬዲዮኗ" የሚላት በከንቱ አይደለም። እሷም ታውቃለች፤ "ምን ላድርግ፣ ባትሪዬ አያልቅ!" ትላለች።

ከዚያ አለቃን አየችው። አለቃ የምንለው የልጄን ልጅ ነው። ሲርበው በቀኝ እጁ ያገኘውን ሁሉ እየደበደበ ሰው ስለሚጠራ ነው ስሙ የወጣለት። ስምንት ወር አልፎታል።

"ይኼ ሰውዬ እስከ መቼ ነው ጭንሽ ላይ የሚበላው?" አለችኝ። "እግሩ ረዘም ያለ፣ ፊቱ ጠረጴዛ ያለው ወንበር ግዙለት እንጂ! ወገብሽን ይጨርስልሻል።"

ልጄም ትናንት ይኼንኑ ብላኛለች። የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ የድርጅት ስልክ ስትመልስ ትውላለች፣ ባሏ የጭነት መኪና ይዞ ሩቅ አገር ይመላለሳል፣ እኔ ደግሞ በፊት ለፊቱ ክፍል ልብስ እየሰፋሁ አለቃን እይዛለሁ። "እማዬ፣ የምታበይው አንቺ ነሽ፣ ወንበሩንም አንቺው ምረጪ። እኔ አልችልበትም" አለችኝ።

ወንበር መምረጥ ምን የማይቻልበት ነገር አለው? የዛሬ ልጆች ሁሉ ነገር ይከብዳቸዋል።

ረቡዕ፣ 6

አለቃን አቅፌ የሕፃናት ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። የወንበር ዓይነት እንዲህ ይበዛል ብዬ አላሰብኩም። የሚታጠፍ፣ የማይታጠፍ፣ ጎማ ያለው፣ ጠረጴዛው የሚነቀል፣ አንዱማ ዘፈን ይዘፍናል። ሻጯ ልጅ እግር ናት፤ ከአንዱ ወደ አንዱ እየወሰደች "ማዘር፣ ይኼ አሪፍ ነው፣ ትልቅ እስኪሆን ይጠቀምበታል" ትላለች።

"እስኪያገባ?" አልኳት። ሳቀች።

የመጀመሪያው ላይ አስቀመጥነው። ቀስ እያለ ወደ ግራ ዘመም አለና ክንዱ መደገፊያው ላይ አረፈ፤ ከዚያ ጭንቅላቱም ተከተለ። አቃናሁት። እንደገና ዘመም። ወንበሩ ሰፊ ነው አልኩ። ሁለተኛው ላይም ያው ሆነ። እሱም ሰፊ ነው። ሦስተኛው የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ላይ እንኳን ሕፃን እኔም ብሆን እንሸራተታለሁ።

"አልለመደው ይሆናል። ስንት ወሩ ነው?" አለች ሻጯ።

ነገርኳት።

"እ..." አለችና ዋጋ ወደጠየቃት ሌላ ሰው ሄደች።

ዛሬ የሚሠራው ዕቃ ሁሉ ለዓይን ነው። ለመቀመጫ የሚሆን የለም።

ቅዳሜ፣ 9

ሬዲዮኗ የልጅ ልጇን ወንበር አስመጣችልኝ። የእንጨት ነው፣ ደህና ዕቃ። አለቃ ገባበትና ጠረጴዛዋን በቀኝ እጁ ቷ! ቷ! አደረጋት፤ ስብሰባ ጠራ ብለን ሳቅን። ቀኝ እጁን ይወዳል፣ በዚህ ወደ አባቱ ሄዷል። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ዘመመ። ግራ እጁ እንደተጨበጠች ከጠረጴዛው ሥር ቀረች።

"ሰፊ ነው አይደል?" አልኳት።

ወንበሩን አየችው። ልጁን አየችው። "የኔዎቹ በዚህ ዕድሜ..." ብላ ጀመረችና ተወችው። ሻይዋን ጠጣች። ጉልበቷን አሸች። በጉርብትናችን ዘመን ሁሉ ወሬ ጀምራ ሳትጨርስ ስትቀር ያየኋት ዛሬ ነው።

ስትወጣ "ወንበሩ እዚሁ ይቆይ፣ እኛ አንፈልገውም" አለች። ይዘሽው ሂጂ አልኳት። የሰው ዕቃ ቤቴ ሲከርም አልወድም።

ሰኞ፣ 11

የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኛል። ቀሚስ ብቻ። ዚፕ አልቋል። አለቃ ጭኔ ላይ በላ፣ ድንች በካሮት። አንዴ ትን አለው፣ ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት፣ ተወው። ወገቤ! ወንበር መፈለግ አለብኝ። ሰፊ ያልሆነ።

ሐሙስ፣ 14

መንገድ ማዶ ያለው አናጢ ጋ ሄድኩ። ቃል እንደ ሚስማር ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው። ሜትሬን ይዤ ነበርና የአለቃን ዳሌ፣ ከዳሌው እስከ ብብቱ፣ ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ለክቼ እዚያው ነገርኩት።

"ግራውን ትንሽ ጠበብ ያድርጉት" አልኩት።

"ግራውን ብቻ?"

"ግራውን ብቻ።"

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ። "እትዬ፣ እኔ ጠማማ ወንበር ሠርቼ አላውቅም። ያየው ሰው ሁሉ አናጢው ጠጥቶ ነበር ይለኛል።"

"ለመታየት አይደለም እኮ፣ ለመቀመጥ ነው።"

"ለመቀመጥማ ቀጥ ያለው ነው። ልጁ ምን ሆኖ ነው?"

"ምን ይሆናል? ሰፊ ወንበር አይወድም።"

አለቃን አየት አደረገው። አለቃ ሳቀለት። ወንበሩን ቀጥ አድርጎ ሊሠራው ተስማማን። የቀረውን እኔ አውቅበታለሁ።

ሐሙስ፣ 21፣ ማታ

ወንበሩ መጣ። ሰውየው ሥራ ያውቃል፤ ጠርዙን እንደ ሳሙና አለስልሶታል። አለቃን አስገባሁት። ዘመመ።

እንግዲህ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንድ ትከሻው ዝቅ ያለ ደንበኛ ሲመጣ "ጌታዬ፣ ጎበጥ ብለዋል" ብዬ አላሳፍረውም። ዝም ብዬ እለካና ዝቅ ባለው በኩል ከገበሩ ሥር ስፖንጅ እጨምርለታለሁ። ኮቱን ሲለብስ ቀጥ ይላል። መስታወት ፊት ይቆምና ደስ ይለዋል፤ ሠርገኛም ቢሆን ሙሽራዋ አታውቅበትም። ሥራ ያስለመደችኝ አሠሪዬ "ጥሩ ስፌት ማለት ሰው ያላየው ነው" ትለኝ ነበር።

ለወንበሩም ለግራና ለቀኙ ትራስ ሰፋሁለት። ላያቸው እኩል ነው፣ ሰማያዊ ጨርቅ በነጭ ቅምቅማት። የቀኙ ውስጥ ሳሳ ያለ ጥጥ ነው። የግራው ውስጥ ግን ጠንካራ ስፖንጅ ደራርቤ፣ ከብብቱ ሥር ወጣ፣ ወገቡ ጋ ገባ እንዲል አደረግሁት። እየፈታሁ እንደገና ሰፋሁት። ቀሚሶቹን ሁሉ ትቼ እሱን ስሠራ ዋልኩ።

በመጨረሻ አለቃ ገባበት። ቀጥ አለ! እንደ ዳኛ! ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሁላችንንም በየተራ አየን። እኔ አጨበጨብኩ።

ባለቤቴ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ጡረታ የወጣ ጸጉር አስተካካይ ነው፣ ሰውን ሲያይ ከአናቱ ነው የሚጀምረው። አለቃን ሲያይ ቆየና "ልጁንም ሰፋሽው በይኛ" አለኝ።

ሲያረጅ ነገር መውደድ ጀምሯል።

እሁድ፣ 24

ልጄ በሥራ ቀን ስትገባ አለቃ እንቅልፍ ላይ ነው የምታገኘው፤ ወንበሩ ላይ ያየችው ዛሬ ነው። በሩ ላይ ቆመች፣ አፏን ያዘች።

"እማዬ! ተቀመጠ! ቀጥ ብሎ!"

ፎቶ አነሳችውና ለባሏ ላከችለት። እሱም ከመንገድ ድምፁን ቀድቶ ላከ፤ ከኋላው መኪናው እያጓራ "የኔ ጀግና! ስመጣ ጎኔ አስቀምጬህ ነው የምነዳው!" ይላል። ደጋግማ አሰማችን። ከዚያ አለቀሰች። ወንበር ያስለቅሳል እንዴ ብዬ ሳቅኩባት።

"ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ።

"ወንበሩ ልኩ ስለሆነ ነዋ።"

ውሸት አይደለም። ልኩ ነው። እኔው ነኝ የለካሁት።

ማክሰኞ፣ 26

ልጄ ከሥራ አስፈቅዳ ለዘጠኝ ወር ክትባቱ ወሰደችው። አብሬ ልሂድ ብዬ ነበር፣ ልብስ የሚለኩ ሰዎች ቀጥሬ ስለነበር ቀረሁ። ደስ ብሏት ነው የተመለሰችው። ነርሷ "ይቀመጣል?" ብላ ጠይቃት ኖሯል። "እንዴታ፣ ቀጥ ብሎ!" ብላ ፎቶውን አሳየቻት። ነርሷም "ጎበዝ" ብላ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች። ሰልፉ ረጅም ነበር አለች።

ይኼን ስትነግረኝ መርፌ ውስጥ ክር እየከተትኩ ነበር። አልገባ አለኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ መነጽር ሳልቀይር አይቀርም።

ሐሙስ፣ 28፣ ማታ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልያዘም። የአንዷን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት።

አለቃን ሳበላ ማንኪያውን በግራው በኩል ሰጠሁት። ሳላስበው ነው ልል ነበር፤ አይደለም፣ አስቤ ነው። ገላውን በሙሉ አዞረና በቀኝ እጁ ለመድረስ ተንጠራራ። ግራዋን ከፈትኩለት፤ ወዲያው መልሳ ተጨበጠች። እንደ አባቱ ቀኙን ይወዳል እያልኩ ነበር። አባቱ እኮ ግራኝ ነው! ስንት ዓመት አብሮን ገበታ ቀርቦ ክርኑ ከክርኔ እየተጋጨ፣ እንዴት ነው ይኼን ስል የከረምኩት?

ባለቤቴ ራት ላይ፣ ልጃችን ሳትገባ፣ "ጸጉሩን ስከረክመው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው አንገቱን የሚሰጠኝ" አለ።

"መቼ አየህ?"

"ከመጀመሪያው ጀምሮ። በዕድሜዬ ስንት ጭንቅላት ይዣለሁ!"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"አንቺ እየለካሽ ነበር። ልኩን ስታገኚው ትነግሪናለሽ ብዬ ነዋ።"

ተቆጣሁት። ሳህኑን አንስቼ እሱ ሳይጨርስ አጠብኩት። ምን አጠፋ? ትራሱን የሰፋሁ ቀን አንድ ቃል ተናግሯል፣ እኔ እሷንም አልተናገርኩም።

ደንበኛዬ ማታ ኮቱን ሲያወልቅ ትከሻው ያው ትከሻው ነው። እሱ ግን ትልቅ ሰው ነው፤ ገላውን ያውቀዋል፣ የሚያፍርበትም የሚስቅበትም እሱው ነው። አለቃ ምን ያውቃል? ነርሷ ያለ ትራስ ሲቀመጥ ብታየው ኖሮ ታውቅለት ነበር። ነርሷ ያየችው ደግሞ የኔን ትራስ ነው።

ልጄ ገባች። ደክሟታል። "በላልኝ?" አለች። በላ አልኳት። ነገ እነግራታለሁ።

ዓርብ፣ 29

አልነገርኳትም። እንግዳ ነበር፣ ከዚያ ራሷን አመማት። ነገ በጊዜ ትገባለች።

ቅዳሜ፣ 30

ዝናብ ነበር። ልጄ ከሰዓት ገባች። አለቃን ለአያቱ ሰጠሁትና ምላጭ አንስቼ የግራውን ትራስ ስፌት እሷ እያየች ተረተርኩት።

"እማዬ! ምን ነካሽ? አዲስ አይደለም እንዴ?"

ስፖንጁን እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩት። የቀኙንም አንስቼ ወንበሩ ከሁለቱም ወገን ባዶ ሲሆን "አምጣው" አልኩ ባለቤቴን። አለቃን ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው፣ ማሰሪያውን አሰርኩለት። "ካልወደቀ እንዳትይዢው፣ ዝም ብለሽ እዪው" አልኳት።

ዘመመ። ግራ ክንዱ አልደገፈችውም። ጉንጩ እንጨቱ ላይ አረፈ፤ እንደዚያው ጋደም ብሎ እናቱን አየና ሳቀላት።

አነሳችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሱቁ ጀምሮ።"

"ሁሉም ወንበር ላይ እንዲህ ሆነ?"

"ሁሉም ላይ።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ግራ እጁን ያዘች። "ሳጠባው ጣቶቹን ለመክፈት እሞክራለሁ" አለች። "አይከፈቱልኝም። ቆይቷል እኮ። ወንበሩን አንቺ ምረጪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። እኔ አስቀምጬው ቢወድቅስ ብዬ ፈራሁ። አንቺ አስቀምጠሽው ከተቀመጠ፣ የኔ ነገር ቅዠት ነው ብዬ እተወዋለሁ አልኩ። ፎቶውን ሳነሳው ተውኩት። እውነት ተውኩት እማዬ።"

"እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።"

"መሳሳት ፈልጌ ነበር።"

ባለቤቴ ሻይ አፍልቶ ለሦስታችንም አመጣ። እኔም እሷም አልነካነውም። እሱ የሁላችንንም ጠጣ።

ረቡዕ፣ 4

እኔና ልጄ አለቃን ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ስፌቱን ዘጋሁ፤ ቀሚስ የሚጠብቅ ይጠብቅ።

ሐኪሙ እጁንም እግሩንም እያጠፈ እየዘረጋ አየው፤ ሌላ ምርመራ አዘዘና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን። እዚያ ያለችው ሴት ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ነው የምትሠራው። አለቃን አጠገቧ አንከባለለችው፣ አገላበጠችው፣ አጫወተችው፤ እኛን ያየችን ቆይታ ነው። አንጎሉ ለግራ ጎኑ የሚልከው ትእዛዝ ደከም ብሎ እንደሚደርስ ነገረችን። ምክንያቱ በምርመራው ይታያል አለች።

"ይተወዋል?" አለች ልጄ።

"ሙሉ በሙሉ ይተወዋል ብዬ ቃል አልገባልሽም። ግን ገና ሕፃን ነው፤ በጊዜ ስለመጣችሁ ብዙ የምንሠራው አለ።"

"በጊዜ" ስትል እኔና ልጄ አልተያየንም።

የተረተርኩትን መልሼ ሰፍቼ ትራሶቹን በፌስታል ይዤ ሄጄ ነበር። አውጥቼ ሰጠኋትና የሠራሁትን ሁሉ ነገርኳት። አገላብጣ አየቻቸው።

"እናቴ፣ እጅዎ ጥሩ ነው" አለችኝ። "ሲበላ ድጋፍ ያስፈልገዋል፣ ካልተደገፈ ምግብ ያንቀዋል። ግን ከሁለቱም በኩል ይሁን፤ ቁመቱንና ውፍረቱን እኔ አሳይዎታለሁ። እግሩም አየር ላይ አይንጠልጠል፣ ማሳረፊያ ይሠራለት። ሲበላ ወንበር ላይ፣ በልቶ ሲጨርስ ወለል ላይ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እንዳይውል። መጫወቻውንም ማንኪያውንም በግራው በኩል ስጡት። እናንተም በግራው በኩል ሁኑ።"

"ታዲያ የትኛው ወንበር ነው የሚሻለው?" አልኳት። የመጣሁበት ጥያቄ ነው፣ ሳልጠይቅ ልመለስ?

"ቤት ያለው" አለችኝ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኛች። አለቃ ጭኔ ላይ ሆኖ የፊተኛውን ሰውዬ ወንበር ደበደበ። ሰውየው ዞሮ "ምን ልታዘዝ ጌታዬ?" አለው።

ረቡዕ፣ 11

ወለሉ ሁሉ ብርድ ልብስ ሆኗል። ባለቤቴ በሆዱ ተኝቶ ያንኮራፋል፤ እያሠራሁት ነው ይላል። እኔም ጉልበቴን እያሸሁ ነው፣ ከሬዲዮኗ ተጋብቶብኝ ይሆን? ቀሚሶቹ አለቁ። አለቃ ትንሽ አለቀሰ፣ ትንሽ ሳቀ፣ ድንቹን ጨረሰ።

አባቱ ገና አያውቅም። "በስልክ አልነግረውም፣ መንገድ ላይ ነው" አለች ልጄ። ያቺን የወንበሩን ፎቶ አሳጥቦ መኪናው ውስጥ ሰቅሏታል አሉ።

ቅዳሜ፣ 14

ዛሬ ቤቱ ሰው በሰው ሆኖ ዋለ።

ጠዋት አናጢው የእግር ማሳረፊያዋን ይዞ መጣ። ሲያድግ ዝቅ እንድትል አድርጎ ነው የሠራት። ብሎኗን እያጠበቀ አለቃን ወለሉ ላይ አየውና "በዚያ ቀን ልጁ ምን ሆኖ ነው ስልዎት ምነው አልነገሩኝ?" አለኝ። "ለራሴም አልነገርኩም" አልኩት። ብሎኗን አጠበቀና ሄደ።

ከሰዓት ሬዲዮኗ መጣች። ምራቷ ሥራውን ወዳዋለች፣ ቤት የመቀየሩ ነገር ግን ቀርቷል፣ አከራዩ ቃሉን አጠፈ። ይኼን ሁሉ ስታወራ ዓይኗ ምንጣፉ ላይ ነው። ልጄ ናት የነገረቻት፣ ሳትጠየቅ፤ "ግራ ጎኑ ይደክማል፣ እያሠራነው ነው" አለቻት። ሬዲዮኗ ጉልበቷን ይዛ ቀስ እያለች ወለሉ ላይ ወረደች። "እኔም እኮ አንድ ጎኔ ነው የሚሠራው" አለችው አለቃን። "አብረን እንሠልጥን፤ ቀድሞ የተነሳ ሌላውን ያነሳል።" ስትሄድ ያነሳናት ሁለት ሆነን ነው።

አመሻሽ ላይ አማቼ ደረሰ። ቦርሳውን በር ላይ ጥሎ "የታለ ዳኛው? የታለ ተቀማጩ?" እያለ በቀጥታ ወደ ወንበሩ ሄደ። ወንበሩ ባዶ ነው። ልጄ እጁን ይዛ ወደ ጓዳ ወሰደችው፣ በሩን ዘጋችው። እኔና ባለቤቴ አለቃን አጫወትን። ከውስጥ የእሷ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፣ ዝግ ብሎ። የእሱ አይሰማም።

ሲወጣ ፊቱን ታጥቧል። ጫማውን አወለቀ። ማንንም ሳያይ ከነመንገድ ልብሱ፣ ከነአቧራው፣ አለቃ ጎን ወለሉ ላይ ተጋደመ። አለቃ ፊቱን ሊነካው ቀኝ እጁን ዘረጋ።

"በዚያ በኩል አይደለም፣ በግራው በኩል" አለችው ልጄ።

ተነስቶ ዞረና በግራው በኩል ተጋደመ። አለቃ አባቱ ወደነበረበት ወገን እያየ ፈለገው። "እዚህ ነኝ" አለው። አለቃ አንገቱን ትንሽ አዞረ፣ ቆም አለ፣ በመሃላቸው የቆመውን የወንበሩን እግር አየ፣ ወደ ቀኙ ሊመለስ አለ።

"እማማ" አለኝ አማቼ፣ ከተጋደመበት ቀና ሳይል፣ "ይቺን ወንበር ዞር ያድርጉልኝ። ልጄ አላየኝም።"

አነሳሁለት።